በ89 ፓውንድ ሸጠውልኝ በሦስተኛው ቀን «የዋጋ ስህተት ነው» ብለው ሰረዙት፤ ልክ ናቸው?

ሰብሊ (ሊድስ)

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔን ግን አናዶኛል። ብቻዬን ከምብሰለሰል እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው።

የልብስ ማጠቢያችን ከገና ጀምሮ ከሥሩ ውሃ ያፈሳል። ፎጣ እያነጠፍን ነበር የምንጠቀምበት። ሁለት ልጆች አሉን። ትንሹ ገና አልጋ ላይ ይሸናል፤ ሳላጥብ የምውልበት ቀን የለም። ማክሰኞ ማታ ከሥራ ገብቼ በስልኬ ስፈልግ አንድ የታወቀ መደብር ድረ ገጽ ላይ ስምንት ኪሎ የሚያጥብ ማሽን በ89 ፓውንድ አየሁ። ከጎኑ 349 ተጽፎ በመስመር ተሰርዟል። ከሥሩ በቀይ «የመጨረሻ ቅናሽ» ይላል። ገጹ አናት ላይም «በተመረጡ ማሽኖች ላይ 200 ፓውንድ ቅናሽ» የሚል ትልቅ ማስታወቂያ ነበር። ሞዴሉን ሊያቆሙት ስለሆነ ነው ብዬ አንድ አዘዝኩ። ገንዘቡ ወዲያው ከካርዴ ተቆረጠ። ኢሜይልም መጣልኝ። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ እናመጣለን አሉኝ።

ረቡዕ አሮጌውን ማሽን ለመለዋወጫ የሚፈልግ ሰው መጥቶ በነጻ ወሰደው። ቦታው ባዶ እንዲሆን ነው፤ ወጥ ቤታችን ጠባብ ናት።

ዓርብ ከሰዓት ሌላ ኢሜይል መጣ። «በዋጋ ስህተት ምክንያት ትዕዛዝዎ ተሰርዟል። ገንዘብዎ ከ5 እስከ 7 ባሉት የሥራ ቀናት ይመለሳል።» በቃ፣ ይኸው ነው። ስደውል ወደ 40 ደቂቃ ሙዚቃ አስደመጡኝ። ያነሳችው ልጅ «ሲስተሙ ነው፣ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም» አለች። ድረ ገጹን ሳይ ያው ማሽን 289 ሆኗል። ቅዳሜ የልጆቹን ልብስ በሁለት ትልቅ ከረጢት ተሸክሜ የሕዝብ ማጠቢያ ቤት ሄድኩ። 14 ፓውንድ።

ባለቤቴ «ሰው ይሳሳታል፣ ተይው» ይላል። እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ። እኔ ብሳሳት ይምሩኝ ነበር? ሻጭ የለጠፈውን ዋጋ ማክበር የለበትም?


ቅናሽ አዳኝ (ሚኒያፖሊስ)

ሰብሊ፣ እኔ አለባቸው ባይ ነኝ። ዋጋውን የጻፉት እነሱ። በቀይ ያደመቁት እነሱ። ገንዘቡን የወሰዱት እነሱ። አንቺ ያደረግሽው የተባልሽውን መክፈል ብቻ ነው።

የሚያከብሩ ድርጅቶች አሉ እኮ። በሜይ 2010 ሲክስ ፒኤም የሚባለው፣ በኢንተርኔት ጫማ የሚሸጠው የዛፖስ እህት ድረ ገጽ ላይ ለጥቂት ሰዓታት አንድም ዕቃ ከ49.95 ዶላር በላይ አልሸጥ አለ። ሌሊቱን ስንት መቶ ዶላር የሚያወጣ ቦርሳ በዚያ ዋጋ ሄደ። ሲነጋ ኪሳራው 1.6 ሚሊዮን ዶላር ሆኖ ተገኘ። የገዛውን ሰው ሁሉ «ስህተቱ የኛ ነው» ብለው ዕቃውን ላኩለት። በ2019 አዲስ ዓመት ደግሞ የሆንግ ኮንጉ አየር መንገድ ካቴይ ፓሲፊክ ከቬትናም ኒውዮርክ ደርሶ መልስ በቢዝነስ ክላስ 675 ዶላር ገደማ ለጠፈ። ትክክለኛው ዋጋ ወደ 16 ሺህ ነበር። የገዙት ሁሉ ይበራሉ ብሎ በይፋ ተናገረ። በዚያው ዓመት በአማዞን ፕራይም ዴይ 13 ሺህ ዶላር ገደማ የሚያወጣ የካኖን ሌንስ በ94 ዶላር የደረሳቸው ሰዎች አሉ።

በዚያ ምክንያት የተዘጋ የለም። ኪሳራውን ችለውት ሥራቸውን ቀጠሉ። የኛ 89 ፓውንድ ናት የምታከስራቸው?


ጫማ ሻጩ (አዲስ አበባ)

እኔ ከወዲያኛው ወገን ልናገር። ቴሌግራም ላይ ጫማ እሸጣለሁ። ሱቅ የለኝም፤ ዕቃው የሚቀመጠው ቤቴ ነው፣ ከአልጋዬ ሥር።

አምና የፋሲካ ሰሞን አዲስ ዕቃ ገባልኝ። ሌሊት ቁጭ ብዬ 23 ፎቶ ስለጥፍ አንዱ ላይ 4,500 ልል 450 ብዬ ለቀቅኩት። ስልኬን ለታናሽ ወንድሜ ሰጥቼው ተኛሁ፤ ማታ ማታ መልእክት የሚመልሰው እሱ ነው። ጠዋት ስነሳ 61 መልእክት ጠበቀኝ። አራት ሰው በቴሌብር ከፍሎ ስክሪንሾቱን ልኳል። ያን ጫማ እኔ ራሴ የማመጣው በ3,700 ነው። ሆዴ እንዴት እንደተገላበጠ አልነግራችሁም።

አራቱንም ደወልኩላቸው። ሁለቱ ሳቁ። «እኛም ገርሞን ነበር፣ ችግር የለም» አሉኝ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ገንዘባቸውን መለስኩ። ሦስተኛው ሦስት ጥንድ ነበር የከፈለው። «የለጠፍከውን ስጥ» አለኝ። አልሰጥም ስለው ቻናሌ ላይ ሌባ ብሎ ጻፈብኝ። የሱንም መለስኩ። አራተኛዋ ግን ልጅት ናት። በመጀመሪያ ደመወዟ ለእናቷ የምትገዛው ነው። ሌሊት መልእክት ጽፋ «ይቅርታ፣ እውነት 450 ነው? ዜሮ የጎደለ መስሎኝ ነው» ብላ ጠይቃለች። ወንድሜ ምን ብሎ መለሰላት? «አዎ እህት፣ ልክ ነው።»

ለሷ በ450 ሰጠኋት። ቁጥር 38፣ ጥቁሩን። የሞተረኛውንም እኔ ቻልኩ። ጠይቃ አረጋግጣ ነው የከፈለችው፤ ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልከልክላት?

ሰዉ «ለዋጋው ኢንቦክስ» የሚለውን ነገር ይጠላል፣ አውቃለሁ። ብዙዎቻችን የምናደርገው በዶላሩ ምክንያት ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ነው። እኔ ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ ፈርቼም ነው።


ጠበቃዋ (አዲስ አበባ)

ሰብሊ እህቴ፣ ሕጉ የሚለውን ላስረዳሽ። አንቺ ያለሽበት አገርም እኛም ጋ መሠረቱ ተቀራራቢ ነው።

መደርደሪያ ላይ የተለጠፈ ዋጋ በሕግ ዓይን «ልሽጥልህ» የሚል የውል አቀራረብ አይደለም። «ኑና ጠይቁኝ» እንደማለት ነው የሚቆጠረው። እንግሊዞች ይህንን በ1953 በቡትስ መድኃኒት ቤት ጉዳይ ላይ አጽንተውታል። በእኛም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1687 የዋጋ ዝርዝር የለጠፈ ወይም ዕቃ ለሽያጭ ለሕዝብ ያሳየ ሰው የውል ሐሳብ እንዳቀረበ አይቆጠርም ይላል። ስለዚህ ትዕዛዝሽ ነው «ልግዛ» የሚለው፤ «እሺ» የሚለው ደግሞ የሻጩ መልስ። ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈው ያ እሺታ መቼ ተሰጠ የሚለው ላይ ነው።

ኮዳክ በብሪታንያ በ2001 መጨረሻ 329 ፓውንድ የሚያወጣ የካሜራ ጥቅል በ100 ፓውንድ ለጥፎ ነበር። መጀመሪያ አልሸጥም አለ። ገዢዎቹ ግን የላከላቸውን ኢሜይል ይዘው ተነሡ፤ ቃሉ ትዕዛዙን እንደተቀበለ የሚያሳይ ነበር። በጃንዋሪ 2002 ተሸንፎ በ100 ፓውንድ አስረከበ። ከዚያ ወዲህ ነው ብዙ መደብሮች «ውሉ የሚጸናው ዕቃው ከመጋዘን ሲወጣ ነው» የሚል ሐረግ በደንባቸው ውስጥ የከተቱት። ስለዚህ ኢሜይልሽን ቃል በቃል አምጪልን።

ሁለተኛው ጥያቄ ገዢው ያውቅ ነበር ወይ የሚለው ነው። በዚህ ላይ ከሲንጋፖሩ ፍርድ የበለጠ የሚያስተምር አላውቅም። በጃንዋሪ 2003 አንድ ድርጅት 3,854 የሲንጋፖር ዶላር የሚያወጣ የኤችፒ ሌዘር ማተሚያ በ66 ዶላር ለጠፈ። ሠራተኞቹ ለሥልጠና የሞሉት ቁጥር አምልጦ ነው ድረ ገጹ ላይ የወጣው። 784 ሰዎች ከ4 ሺህ በላይ ማተሚያ አዘዙ። ስድስት ሰዎች ብቻቸውን 1,606 አዘዙ። ከስድስቱ አንዱ ጠበቃ ነበር። የማረጋገጫ ኢሜይል ደርሷቸዋል፤ እሱን ይዘው ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ ሌሊት እርስ በርስ የተጻጻፉትን አነበበ። ስህተት መሆኑ ገብቷቸዋል፤ መደብሩ ሳይነቃ እንድረስ ነው ነገራቸው። በ2004 ተሸነፉ፣ በ2005 ይግባኙም አልተሳካላቸውም። ሌላው ሰው መሳሳቱን እያወቅሽ የያዝሽው ውል ውል አይደለም፤ ይህ ሐሳብ በእንግሊዝ በ1939 በጥንቸል ቆዳ ነጋዴዎች ክርክር ላይም ተነሥቷል። ሻጩ በቁራጭ የሚለውን በፓውንድ ክብደት ብሎ ጽፎ ነበር።

አንቺ አንድ ማሽን ነው ያዘዝሽው። ለቤትሽ ነው። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

አንድ ነገር ግን ላርምሽ። «እኔ ብሳሳት ይምሩኝ ነበር?» ላልሽው፣ አዎ። ብሪታንያ ውስጥ በኢንተርኔት የገዛሽውን ዕቃ ከደረሰሽ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት ልትመልሺ ትችያለሽ። ሕጉ ላንቺም ያስባል።


ሰብሊ (ሊድስ)

የ14 ቀኑን ረስቼው ነበር፣ እውነትሽን ነው። ጫማ ሻጩ፣ ያቺን ልጅ ስላላሳዘንካት እግዜር ይስጥህ።

ግን ስህተት መሆኑ ያስታውቅ ነበር የሚለውን አልቀበልም። ቴሌቪዥን በ3 ፓውንድ ቢሉኝ አውቃለሁ። ማጠቢያ በ89? ቅናሽ በተጻፈበት ገጽ ላይ? እኔ ነርስ ነኝ፣ የማሽን ነጋዴ አይደለሁም።


ዳታ ጫኚ (ቨርጂኒያ)

እኔ ለስድስት ዓመት ያህል የኦንላይን መደብር ዋጋ ስጭን ነበር። ሰብሊ፣ ቁጥሮችሽን አይቼ ምን እንደሆነ የገባኝ ይመስለኛል።

349 ሲቀነስ 60፣ 289 ነው። አሁን የሚሸጡበት ዋጋ። 289 ሲቀነስ 200፣ 89። አየሽ? የማሽኑ የራሱ ቅናሽ 60 ፓውንድ ነው። ያ አናት ላይ ያየሽው የ200 ፓውንድ ቅናሽ ደግሞ ለውድ ውድ ማሽኖች የታሰበ ነው። አንድ ሰው የዕቃዎቹን ዝርዝር ሲመርጥ ያንቺን ማሽን አብሮ አስገብቶታል። ሁለት ቅናሽ ተደራረበ። ግምቴ ነው፣ ግን እንዲህ ያለውን በዓይኔ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ማንም ሰው አንድ በአንድ ዋጋ አይጽፍም። አሥር ሺህ መስመር ያለው ሠንጠረዥ ሌሊት ይጫናል። አንድ ዓምድ ወደ ግራ ከተንሸራተተ የዕቃው ክብደት ዋጋ ሆኖ ይወጣል። ነጥብ ቦታዋን ትለቃለች፤ በ1999 አርጎስ የ299 ፓውንድ ቴሌቪዥን 2.99 ብሎ የለጠፈውን አስታውሱ። ጀርመን ውስጥ ደግሞ 2,650 ዩሮ የተባለ ላፕቶፕ በሶፍትዌር ስህተት ድረ ገጹ ላይ 245 ሆኖ ወጣ። ላፕቶፑ ለገዢው ደርሶት ነበር። እንዲያም ሆኖ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2005 ሻጩ ውሉን ማፍረስ ይችላል አለ።

ከሁሉም የሚያስፈራው ግን ዋጋ በራሱ የሚቀያይረው ፕሮግራም ነው። «ተወዳዳሪዬ ከቀነሰ አንድ ሳንቲም ቀንስ» ይባላል። ዲሴምበር 12 ቀን 2014 ምሽት አንዱ ፕሮግራም ተበላሸ። ለአንድ ሰዓት ያህል በአማዞን ብሪታንያ ላይ በሺህ የሚቆጠር ዕቃ በአንድ ፔኒ ተሸጠ። የገና ገበያ ነው። ከሳሪዎቹ አማዞን አልነበሩም፤ ጋራዣቸው ውስጥ አሻንጉሊት የሚሸጡ ባልና ሚስት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አብዛኛው ትዕዛዝ ተሰረዘ። ዕቃቸው አማዞን መጋዘን የተቀመጠባቸው ግን የተወሰነው ሳይነቁ ተጭኖ ሄደባቸው።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የሕፃን ጋሪ ዋጋ አበላሽቻለሁ። አለቃዬ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ስንት ተሸጠ?» ሳይሆን «ስንት ሰዓት ሆነው?» ብሎ ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ለሁሉም ተጽፎላቸው ገንዘባቸው ተለቀቀ። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ማቆየት ስህተት ብቻ አይደለም። ማክሰኞ ሌሊቱን ወይ ረቡዕ ጠዋት ሳያውቁት አይቀሩም።


የድሮ ገንዘብ ከፋይ (አዲስ አበባ)

ልጆቼ፣ ሁላችሁንም አነበብኳችሁ። እኔ 31 ዓመት በባንክ መስኮት ተቀምጬ ገንዘብ ከፍያለሁ። ማታ ሣጥን ሲቆጠር የጎደለው ከደመወዜ ነው የሚሄደው። በ1980ዎቹ መጨረሻ አንድ ቀን 900 ብር ጎደለብኝ። የዚያን ጊዜ ትልቅ ገንዘብ ነበር። ቤቴ ሄጄ እራት ሳልበላ አደርኩ። በማግስቱ በር ሳይከፈት አንድ የእህል ነጋዴ ቆሞ ጠበቀኝ። «ትናንት አብዝተህ ነው የሰጠኸኝ» ብሎ በጋዜጣ የጠቀለለውን ዘረጋልኝ። እኔ ይህንን ሰው እስከ ዛሬ በጸሎቴ አስበዋለሁ።

መጋቢት 2016 ዓ.ም. በንግድ ባንክ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሲስተሙ ተበላሽቶ ሰው ከሌለው ሒሳብ ሌሊቱን ሲያወጣ አደረ። ተማሪዎች ዶርም ለዶርም እየተጠራሩ ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ሄደ አለ። ከዚያ የሰው ስምና ፎቶ ወጣ፤ ቤተሰብ አፈረ፤ አብዛኛው ተመለሰ። ያን ጊዜ «ማሽኑ ሰጠኝ» ያለውን ወጣት ሁሉ አዘንኩለት እንጂ አልፈረድኩበትም። ግን የሰው ገንዘብ ነው። ማሽን ስለተሳሳተ የኛ አይሆንም።

ስለዚህ ሰብሊ ልጄ፣ ባለቤትሽ ያለሽ ደግ ነው።


ቅናሽ አዳኝ (ሚኒያፖሊስ)

ጋሼ፣ እጅ ነስቼ ነው የምመልስልዎ። የነጋዴው ታሪክ ልቤን ነክቶታል። ግን የባንኩና የሰብሊ ነገር አንድ አይደለም።

ኤቲኤሙ ለማንም «ይህ ያንተ ነው» አላለም። ያወጣው ሰው ሒሳቡ ላይ ስንት እንዳለ ያውቃል። ሰብሊ ግን የማሽኑን ዋጋ የምታውቅበት ሌላ መንገድ የላትም፤ ዋጋው ማለት እነሱ የነገሯት ነው። እርስዎ ለነጋዴው ያበዙለትን ገንዘብ ቆጥሮ ሊያውቅ ይችላል። እሷ ምን ቆጥራ ትወቅ?

ደግሞ ተጠንቀቁ። ስህተት የሚባለው ሁሉ ስህተት አይደለም። ርካሽ ዋጋ ለጥፎ፣ ሰውን ሰብስቦ፣ «ያ አለቀ፣ ይህንን ውሰድ» የሚል አለ። ማክበር የለባችሁም ካልናቸው ያንን በር ከፈትንላቸው። ሰብሊ፣ ከተሰረዘብሽ በኋላ «በ289 ይግዙን» የሚል መጥቶልሽ ነበር?


ሰብሊ (ሊድስ)

መጥቶልኛል። በማግስቱ። «የሚወዱት ማሽን አሁንም አለ» ይላል። ያኔ ነው ያለቀስኩት፣ እውነቱን ለመናገር። ገንዘቤ ገና እነሱ ጋ ነው፤ በምኔ ነው የምገዛው? የወሩ መጨረሻ ነበር።


ከነታንያ (እስራኤል)

እኛ ጋ በኦገስት 2012 የሆነውን ልንገራችሁ። አየር መንገዳችን ኤል አል ከአሜሪካ ወደ ቴል አቪቭ ደርሶ መልስ ከ400 ዶላር በታች ለቀቀ። የዋጋውን ሥራ የሚሠራለት ሌላ ድርጅት የነዳጁን ጭማሪ ሳያስገባ ቀርቶ ነው። ሰዉ ተረባርቦ ገዛ፤ ወደ 5 ሺህ ትኬት ነው የሄደው። ኤል አል ትንሽ አቅማማና አከበረው። እኔ በዚያ ሰሞን አብራኝ የምትሠራ ሴት ነበረች። አሜሪካ ያለው ወንድሟ ስድስት ዓመት አልመጣም ነበር፤ በዚያ ትኬት መጣ። ሰው የዋጋ ስህተት ሲባል የሚያስበው ስግብግብ ሰው ነው። ከኋላው እንዲህም ያለ ሰው አለ።


ዲኤምቪ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

የአውሮፕላን ነገር ከተነሣ የኔንም ስሙ። ከሁለት ዓመት በፊት ለእናቴ ተዝካር አዲስ አበባ ልሄድ በአንድ የጉዞ ድረ ገጽ 480 ዶላር ደርሶ መልስ አገኘሁ። ገዛሁ። የሥራ ፈቃዴን አስጸደቅኩ። ከአዲስ አበባ ጎንደር የአገር ውስጥ በረራ ለብቻው ቆረጥኩ፣ ያ የማይመለስ ነው። በአምስተኛው ቀን «ዋጋው ስህተት ነው» ብለው ሰረዙት። 480ውን መለሱ። የጎንደሩን ማን ይክፈለኝ?

ያኔ ስፈልግ ያገኘሁት ሕግ አለ። በፌብሩዋሪ 2015 ዩናይትድ በዴንማርኩ ድረ ገጹ ላይ የምንዛሪ ስህተት ሠርቶ ከለንደን ኒውዮርክ አንደኛ ማዕረግ በ75 ዶላር ገደማ ተሸጦ ነበር። ብዙዎቹ አገራቸው ዴንማርክ ነው ብለው ሞልተው ነው የገዙት። የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አየር መንገዱን አላስገደደም። ግን በዚያው ዓመት ሜይ ላይ አንድ መመሪያ አወጣ። አየር መንገድ በስህተት የተሸጠ ትኬት መሰረዝ ይችላል፤ ገንዘቡን ሙሉ ከመለሰ፣ ደግሞም ተሳፋሪው ያንን ትኬት አምኖ ያወጣውን ሌላ ወጪ በማስረጃ ካቀረበ ከከፈለው። ሆቴሉን፣ ሌላኛውን በረራ።

የጎንደሩን ደረሰኝ አያይዤ ላክሁላቸው። በሁለት ወሩ ከፈሉኝ። ተዝካሩ ግን አምልጦኛል። በቪዲዮ ነው ያየሁት።

ሰብሊ፣ ማሽኑን ተይው። የላውንደሪሽን 14 ፓውንድ ጠይቂ። የሄደብሽን ማሽን ጠይቂ።


ጠበቃዋ (አዲስ አበባ)

ዲኤምቪ ወንድሜ፣ እናትህን ነፍስ ይማር። የኛ የፍትሐ ብሔር ሕግም አንቀጽ 1703 ላይ ያልከውን ይላል። ተሳስቻለሁ ብሎ ውል የሚያፈርስ ሰው በመፍረሱ ምክንያት የደረሰውን ጉዳት ይክሳል፤ ሌላኛው ወገን ስህተቱን ያወቀ ወይም ማወቅ የነበረበት ካልሆነ በቀር። እኔ ተማሪ ሳለሁ ይህችን አንቀጽ በሁለት መስመር አልፌያት ነበር። አሁን ሳነባት በጣም ደስ ትለኛለች። የሲንጋፖሮቹን ስድስት ሰዎች ባዶ እጅ ትሰዳለች፤ ሰብሊን ትክሳለች። ጫማ ሻጩ ሳያነባት ሠርቶባታል።


ሰብሊ (ሊድስ)

ኢሜይሉን አገኘሁት። «ትዕዛዝዎ ደርሶናል። ይህ መልእክት ትዕዛዝዎን መቀበላችንን አያረጋግጥም፤ ውሉ የሚጸናው ዕቃው ሲላክ ነው» ይላል። ከሥር፣ ከአርማቸው በታች፣ በግራጫ። ቅዳሜ እናመጣለን የሚለው ግን ከላይ በትልቁ ተጽፏል።


ጠበቃዋ (አዲስ አበባ)

እንግዲያው በ89 አስረክቡኝ ብለሽ ብዙ አትድከሚ፤ እንግሊዝ አገር ያ ሐረግ ይረዳቸዋል። እንዲህ ብለሽ ጻፊ። ማክሰኞ ገንዘብ ወስዳችኋል። የማስረከቢያ ቀን ቆርጣችኋል። እሱን አምኜ የራሴን ማሽን ሰጥቻለሁ። ስህተቱን እያወቃችሁ እስከ ዓርብ ዝም ብላችኋል። ገንዘቤን ዛሬ መልሱ፣ ያወጣሁትን ክፈሉ። የላውንደሪውን ደረሰኝ አያይዢ። የደወልሽበትን ሰዓት ጻፊ። ስድብ አትጨምሪ። ለደንበኞች አገልግሎት ብቻ ሳይሆን ለቅሬታ ክፍሉ በቀጥታ ላኪው።


ጫማ ሻጩ (አዲስ አበባ)

ሰብሊ፣ እኔ ብሆን የምፈራው እንደዚያ ያለውን ደብዳቤ ነው። ሌባ ያለኝን ሰው ወዲያው ረሳሁት። ተረጋግተው የሚጽፉ ሰዎች ናቸው መልስ የሚያሳጡህ።


ሰብሊ (ሊድስ)

ከ11 ቀን በኋላ ነው የምጽፈው። ጠበቃዋ ባለችኝ መሠረት ላክሁት። 89 ፓውንዱ በስድስተኛው የሥራ ቀን ገባ፤ አላፈጠኑትም። ከዚያ አንድ ሴት ከቅሬታ ክፍሉ ደወለችልኝ። ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ በሙሉ ቃል። ለላውንደሪ ሁለት ጊዜ ያወጣሁትን 28 ፓውንድ ከፈሉኝ፤ በተጨማሪ የ40 ፓውንድ ቫውቸር ሰጡ። በዚያ ዋጋ ካዘዝነው ሰዎች ስንቶቻችን እንደጻፍን ጠየቅኳት። «ብዙ አይደላችሁም» አለችኝ። ዝም ያለው ሰው ምንም አላገኘም ማለት ነው። አሁን የሚያናድደኝ ይህኛው ነው።

ማሽን ገዝተናል። ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው ሰዎች ወደ ማንችስተር ሲዛወሩ በ70 ፓውንድ ሸጡልን። ባለቤቴና የሰውየው ወንድም ተሸክመው ደረጃውን አወጡት። አሁን እየዞረ ነው። ትንሹ ልጄ ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀምጦ የራሱ ካልሲ በመስታወቱ ሲያልፍ እየጠበቀ ይቆጥራል። ውሃ አያፈስም፤ ፎጣውን አንሥቻለሁ።